መዝገቡ ላይ ያለውና አገሩ ላይ ያለው ቂጥኝ

ዛሬ የዋልኩት የጤና ጣቢያዎችን የአባላዘር በሽታ ሪፖርት ሳገላብጥ ነው። አገራዊ የስርጭት መጠን ከዚህ ቁጥር በቀጥታ አይወጣም። በአገራችን ሕክምናው በአብዛኛው ምልክትን መሠረት ያደረገ በመሆኑ፣ «የብልት ፈሳሽ» ተብሎ ከተመዘገበላቸው ሴቶች የብዙዎቹ ችግር በወሲብ የማይተላለፍ ነው፤ በአንጻሩ ክላሚዲያ የተባለው የአባላዘር በሽታ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ምልክት ስለማያሳይ የተያዘችው መዝገቡ ላይ ጭራሽ አትገኝም።

የተሻለ መነሻ የሚሆነው ነፍሰ ጡሮች በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚያደርጉት የቂጥኝ ምርመራ ነው። እሱም ቢሆን እርማት ይፈልጋል፤ ፈጣኑ ምርመራ ከዓመታት በፊት ታክማ የዳነችውንም «ሪአክቲቭ» (ፖዘቲቭ) ስለሚል፣ በመዝገቡ ሪአክቲቭ የተባሉትን ደምሮ ለተመረመሩት ቁጥር ማካፈል አሁን የታመሙትን አብዝቶ ያሳያል። ክትትል ያልጀመሩትና ወንዶች ደግሞ ከነጭራሹ የሉበትም። (የወንዶቹን ከሴቶቹ ውጤት ተነሥቶ መገመት የተለመደ ነው፤ ለእኔ ግን ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም።)

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ያወጣው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ በ4 ሊድኑ የሚችሉ የአባላዘር በሽታዎች 374 ሚሊዮን አዲስ ኢንፌክሽን እንደደረሰ የሚገልጸው ቁጥርም ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። እኔም በሪፖርቴ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አስቀምጫለሁ፤ አለቃዬ ግን አሁንም አንድ ቁጥር ስጠኝ እያለ ነው።