ድንጋዩ ያለቀው ሬዲዮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ይህን ምስክርነት ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ግማሹ ምስጋና ነው፤ ግማሹ ግን ከፈጣሪዬ ጋር የነበረኝ ጠብ ነው።

ጊዜው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት፣ ቀኑ እሑድ መጋቢት 5 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ቦታው ጾረና ግንባር፣ እግሪ መከል ነበር። በዚያ ዓመት የአቦ ክብረ በዓልና ደብረ ዘይት አንድ ቀን ውለዋል። የደብረ ዘይትን ወንጌል ታውቁታላችሁ፤ «ጦርንም የጦርንም ወሬ ትሰሙ ዘንድ አላችሁ፤ ተጠበቁ፥ አትደንግጡ።» እማዬ ደሴ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወሬውን ትሰማለች፤ እኔ ጦሩ ውስጥ ነኝ።

ማታ ላይ የመድፍ ፍንጣሪ ቀኝ ጭኔን ገባኝ። ጓደኛዬ የክላሹን ማንገቻ ፈትቶ ከቁስሉ አራት ጣት ከፍ አድርጎ አሰረልኝ፤ በሳንጃው አፎት ጠመዘዘው፤ ደሙ እስኪቆም ድረስ አልለቀቀም። ጠበቅ ካላደረጉት የሚመለሰውን ደም ብቻ ይዘጋል፤ የሚወርደው መፍሰሱን አይተውም፤ ያን ጊዜ ከነጭራሹ ባልታሰረ ይሻላል። «ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ እንዳትረሳ» አለኝ። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው የታሰረበትን ሰዓት ነውና። ከዚያ ወደ ፊት ሄደ። አልተመለሰም።

ሁለት ሰዓት ሲለኝ ትዝ ያለኝ ዜና ነው። በቤታችን የዜና ሰዓት ነበር። ያን ሌሊት «አድነኝ» ብዬ አልጸለይኩም፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ጌታ ሆይ፣ እማዬ በሬዲዮ አትስማ» አልኩ። ደጋግሜ ይህንኑ ብቻ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልኩ ቁጥሩ ሲጠፋብኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

የጦር ዜና እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁና ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት በእኛ ጦር «ዘመቻ ፀሐይ ግባት» ባድመ ስትያዝ አዲስ አበባ ጨፍራለች። ዜናው «ተደመሰሰ» ሲል ተሰልፎ የቆጠረ የለም። «ከውጊያ ውጪ ሆነ» ሲል ደግሞ ሙቱም ቁስለኛውም ምርኮኛውም አንድ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሙት ሁለት ሦስት ቁስለኛ አለ፤ እናት ግን ሁሉንም ሬሳ አድርጋ ነው የምትሰማው። «በጾረና ግንባር» ሲባልም ግንባር ማለት በኪሎ ሜትር የሚለካ ምሽግ ነው፤ ልጇ ያለበት ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ ማንም አይነግራት።

ፎቶውም እንደዚያው ነው። ጋዜጠኛ የሚገባው ሜዳውን የያዘው ወገን ሲፈቅድለት ነው። ያ ወገን መጀመሪያ ቁስለኛውን ያነሣል፣ ቀጥሎ የራሱን ሬሳ፣ ቀጥሎ መሣሪያ ይለቅማል፤ ካሜራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ በፎቶ የምታዩት የአንዱን ወገን ሙት ብቻ ነው፣ አጠገቡም ጠመንጃ የለም። የተቃጠለ ታንክ ካያችሁ ቀለሙን እዩ፦ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ትኩስ ነው፤ እሳት የነካው ብረት ግን በጥቂት ቀን ቀይ ዝገት ያወጣል። ያው አንዱ ታንክ ከአራት በኩል ተነሥቶ አራት ሲሆንም አይቻለሁ። እኔ ራሴ ዛሬም ስልኬ ላይ የጦርነት ቪዲዮ ሲመጣ ከሰው በፊት የማየው ዝገቱን ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሊነጋጋ ሲል የቃሬዛ ልጆች ደረሱልኝ። አራት ነበሩ፤ ሁለቱ ጫማ አልነበራቸውም። ስማቸውን አልጠየቅኩም። እናንተ ልጆች፣ በሕይወት ካላችሁ አምላከ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ይክፈላችሁ።

መቀሌ ሁለት ጊዜ ተቀደድኩ፤ ሰባት ወር ተኛሁ።

አሁን ስለ ሬዲዮው ልንገራችሁ። የእማዬ ሬዲዮ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ነው የሚበላው። ቅዳሜ ማታ ድምፁ ሰለለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንጋዮቹን አውጥታ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሞቀቻቸው፤ እንዲህ ሲደረግ ለአንድ ምሽት ይነሣሉ። አልተነሡም፤ አንዱ ፈሶ ሽቦውን በልቶታል። ሰኞ የጎረቤት ልጅ ብትልክ ሱቁ ቀጫጭኑን ብቻ ነው ያለው። በዚያው ሳምንት አስመራ ጋዜጠኞችን ወደ ሜዳው ወስዳ የእኛን ሬሳ አሳየች፣ በሺዎች ገደልኩ አለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ አስተባበለች። ጎረቤቱ የውጭውን ጣቢያ ሰምቶ ለእማዬ ትንፍሽ ሳይል ቀረ። በስምንተኛው ቀን የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ፣ እናቴ ትሁንልኝ፣ በራሷ ገንዘብ ቴሌ ሄዳ ሱቁ ጋ ደወለች፦ «ልጅሽ አለ፤ እግሩም አለ።» እማዬ ስለ ውጊያው የሰማችው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙ ይክበር ይመስገን።

ግን የጓደኛዬ እናት ሬዲዮ ደህና ነበር። አዲስ አበባንም አስመራንም ሰማች፤ አንዱ ምንም አልሆነም ይላል፣ ሌላው ሁሉም አልቋል ይላል። በሁለቱ መካከል ከሁለት ዓመት በላይ ተንጠልጥላ ኖረች፤ መርዶው የመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ይህን ሳውቅ ጸሎት ተውኩ። መዝሙረ ዳዊት ዘጠናን፣ «በአጠገብህ ሺህ በቀኝህም አሥር ሺህ ይወድቃሉ» የሚለውን፣ መድገም አቃተኝ። በቀኜ የወደቀው አሥር ሺህ አልነበረም፤ አንድ ነበር፤ ማንገቻውን የፈታልኝ። «የእሷንስ ድንጋይ ለምን አልጨረስክም?» አልኩት አምላኬን። መልስ አልሰጠኝም። ከዓመታት በኋላ ዝም ብዬ ወደ ቅዳሴ ተመለስኩ፤ ጥያቄው ግን አሁንም አለ፤ ንስሐ አባቴም ያውቁታል።

መርዶው ላይ ቀን አልነበረም፤ ዜናውም ስም አልነበረው። ለእናቱ ቀኑን የነገርኳት እኔ ነኝ። አሁን መጋቢት 5 ሲመጣ ዝክሩን አብረን እናደርጋለን፤ ዳቦው የእሷ፣ ጠላው የእኔ ነው። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትደግመዋለች።