«ኔክስት» የትኛው ቅዳሜ ነው?

አጎቴ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ባለ ሞተር ጀልባ ይዘው ከሃያ ዓመት በላይ መንገደኛ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶች በእንግሊዝኛ የሚልኩላቸውን መልእክት አንብቤ የምተረጉምላቸው፣ መልሱንም የምጽፍላቸው እኔ ነኝ፤ መተዳደሪያዬም እንግሊዝኛ ማስተማር በመሆኑ ይህ ሥራ ከብዶኝ አያውቅም ነበር። አንድ ማክሰኞ ዕለት ከባልና ሚስት አጭር መልእክት ደረሰን፤ «ኔክስት ሳተርዴይ»፣ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት ወደ ዘጌ መሄድ እንደሚፈልጉ የሚገልጽ ነበር። አጎቴ «የትኛው ቅዳሜ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳላመነታ «የፊታችን ቅዳሜ ነው» አልኋቸው።

አጎቴ ዓርብ ማታ ቤንዚን ገዙ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ የመጡ ሌሎች መንገደኞችን «ቃል ሰጥቻለሁ» ብለው ለሌላ ጀልባ አሳልፈው ሰጡ። ከዚያም ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምረው እስከ አምስት ሰዓት ዳርቻው ላይ ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ፣ ጠዋት ሳይንቀሳቀስ የቀረ ጀልባ ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ እንደቆመ ይውላል፤ የዚያ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። እኔ በልቤ ሰዎቹን ቃል አፍራሾች ብዬ ፈረድሁባቸው። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ባልና ሚስቱ ልክ በተባለው ሰዓት ቦርሳቸውን ይዘው ከዳርቻው ቆመው ተገኙ፤ ባለፈው ቅዳሜ ስንጠብቃቸው እንደዋልን ስነግራቸውም ከልብ ደነገጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ስለዚህች ቃል እንድጽፍ ያደረገኝ። ጀልባው ወደ ዘጌ ሲያመራ ሚስትየዋ «እኛ ኔክስት ሳተርዴይ ነው ያልነው፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ብንፈልግ ኖሮ ዚስ ሳተርዴይ፣ ይህ ቅዳሜ፣ እንል ነበር» ብላ አስረዳችኝ። ባልዋ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ መልእክቱን የጻፈችው እርሷ መሆኗን፣ እርሱ ቢያነበው ኖሮ እንደ እኔው በጣም ቅርብ የሆነውን ቅዳሜ ይረዳ እንደነበር ተናገረ። ሁለቱም እንግሊዝኛን ከእናታቸው አፍ የተማሩ፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ነገር ግን ዕለት ተዕለት በሚናገሯት አንዲት ቃል ላይ አልተስማሙም። አጎቴ የሞተሩን መሪ እንደያዙ ምን እንደሚባባሉ ጠየቁኝና ስተረጉምላቸው «እነርሱ ካልተስማሙ አንተ ምን ታደርግ?» አሉኝ። ይህ ማጽናኛ ቢሆንም ጥያቄውን አልዘጋልኝም።

የቃሉ ታሪክ ለባልየው ያደላል። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ናይ» ቅርብ፣ «ኒር» ይበልጥ ቅርብ፣ «ኔክስት» ደግሞ ከሁሉ የቀረበ ማለት ነበር፤ ሦስቱም የአንድ ቃል ደረጃዎች ነበሩ። የጀርመንኛው «ኔሕስተ» የዚሁ ቃል ወንድም ሲሆን እስከ ዛሬ «ከሁሉ የቀረበ» የሚለውን ፍቺ ይዟል። እንግሊዞች የቅርብ ዘመድን «ኔክስት ኦፍ ኪን» ሲሉ ይህን ጥንታዊ ፍቺ ሳያውቁት ይጠብቁታል፤ ቤቱ ከቤታችን ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሚገናኘውን ጎረቤት «ኔክስት ዶር» ሲሉም እንዲሁ ነው። በዚህ መሠረት ማክሰኞ ቀን የተነገረ «ኔክስት ሳተርዴይ» አራት ቀን የቀረው ቅዳሜ ሊሆን ይገባው ነበር።

ይሁን እንጂ የቃል ታሪክ የዛሬውን ተናጋሪ አያስርም። «ዚስ ሳተርዴይ» የሚለው አነጋገር ቅርቡን ቅዳሜ ስለያዘ፣ ብዙ ተናጋሪዎች ዘንድ «ኔክስት» ወደ ተከታዩ ሳምንት ተገፍቷል። እንደ ሚስትየዋ የሚያስቡ ሰዎች በቅድሚያ የሚቆጥሩት ሳምንትን ነው፤ ይህ ሳምንት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሳምንት፣ ከዚያ በኋላ ነው ቅዳሜው የሚመጣው። እንደ ባልየው የሚያስቡት ቅዳሜዎችን ብቻ ይቆጥራሉ፤ ከዛሬ ተነሥተው የሚያጋጥማቸው የመጀመሪያው ቅዳሜ «ኔክስት» ነው። የተነገረበት ቀንም ፍርዱን ይለውጠዋል። ዓርብ ዕለት «ኔክስት ሳተርዴይ» ያለ ሰው ነገን ማለቱ እንዳልሆነ ሁሉም ይረዳል፤ ነገን ቢፈልግ «ነገ» ይል ነበርና። እሁድ ዕለት የተነገረ እንደሆነ ግን ብዙ ሰው ስድስት ቀን የቀረውን ቅዳሜ ያስባል። ችግሩ የሚበረታው እንደ ማክሰኞና ረቡዕ ባሉ የመሐል ቀናት ነው፤ የእኛም መልእክት የደረሰው ማክሰኞ ነበር።

ስኮትላንዳውያን ለዚህ ነገር የራሳቸው መፍትሔ አላቸው። ቅርቡን ቅዳሜ «ሳተርዴይ ፈርስት»፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ይሉታል፤ በሳምንቱ የሚውለውን ደግሞ «ሳተርዴይ ኔክስት» ይሉታል። በብሪታንያ «ሳተርዴይ ዊክ» የሚባለውም ከቅዳሜ በኋላ አንድ ሳምንት ቆጥሮ የሚገኘው ቅዳሜ ነው። እነዚህን አነጋገሮች ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም «ሳተርዴይ ዊክ» ከእኛ «የቅዳሜ ሳምንት» ጋር ቃል በቃል አንድ ነው።

ወደ ራሳችን ቋንቋ ስመለስ፣ ስሕተቴ የተፈጸመው እንግሊዝኛውን ሳነብ ሳይሆን አማርኛውን ስናገር መሆኑ ገባኝ። «የፊታችን ቅዳሜ» የሚለው አነጋገር አያሻማም፤ «ፊታችን» በሚለው ቃል ውስጥ «እኛ» አለንበት፤ ቅዳሜው የሚለካው ከቆምንበት ቀን፣ ፊታችንን ካዞርንበት አቅጣጫ ነው። «ኔክስት» ውስጥ ግን ማንም የለም። ከምን ቀጥሎ እንደሆነ አይናገርም፤ ከዛሬ ቀጥሎ ይሁን ከዚህ ሳምንት ቀጥሎ፣ ወይም ከቅርቡ ቅዳሜ ቀጥሎ፣ ሰሚው በልቡ ይሞላዋል። እኔ በመልእክቱ ውስጥ ያልነበረ መነሻ ጨምሬ ለአጎቴ አስረከብሁ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ» ብዬ ብተረጉመው ኖሮ ለቃሉ ይበልጥ ታማኝ እሆን ነበር፤ ምክንያቱም «የሚቀጥለው» በአማርኛም እንደ «ኔክስት» ሁለት ወገን አለው። ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ግማሹ «የፊታችን ማለት ነው» ሲል ግማሹ «የለም፣ ከፊታችን ያለው አልፎ ያለው ነው» አለ፤ ክርክሩም ደወል እስኪደወል አላበቃም።

በዚሁ ላይ «ፊት» የሚለው ቃል ራሱ የሚያስገርም ነገር ይዟል። «የፊታችን እሁድ» ስንል ገና ያልመጣውን፣ «ከዚህ በፊት» ስንል ያለፈውን እንናገራለን። ይህ መጋጨት ቢመስልም አይደለም። «የፊታችን» ስንል ተጓዦቹ እኛ ነን፤ የምንሄድበት መንገድ ፊት ለፊታችን ተዘርግቷል። «በፊት» ስንል ግን ሰልፈኞቹ ድርጊቶቹ ናቸው፤ ከሰልፉ ፊት ያለው ቀድሞ ይደርሳል። እንግሊዝኛም በዚሁ ይሰናከላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌራ ቦሮዲትስኪና ማይክል ራምስካር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት «የኔክስት ረቡዕ ስብሰባ ሁለት ቀን ወደ ፊት ተወስዷል፤ መቼ ይውላል?» የሚል ጥያቄ ለብዙ ሰዎች አቅርበው ነበር። ከፊሉ ሰኞ፣ ከፊሉ ዓርብ ብሎ መለሰ፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ከተጠየቁት መካከል ገና ከበረራ የወረዱት ሰዎች፣ ሰው ሊቀበሉ ከመጡት ይልቅ «ዓርብ» ወደ ማለት አዘንብለው ተገኙ። ራሱን ተጓዥ አድርጎ የሚያስብ ሰው ስብሰባውን በጉዞው አቅጣጫ ይገፋዋል። አማርኛ በዚህኛው ጥያቄ ይሻላል፤ ስብሰባው «ቀደም ብሏል» ወይም «ተራዝሟል» ብለን እንገላገላለን።

ቀን በመቁጠር ረገድ ቋንቋችን እንዲህ የተሟላ መሆኑን ከዚህ ነገር በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ማክሰኞ የሚለው ስም «ማግስተ ሰኞ»፣ የሰኞ ማግስት፣ ከሚለው የመጣ ነው፤ ማለትም እንግሊዞች የሚከራከሩበት «ቀጥሎ» የሚለው አሳብ በእኛ ዘንድ ከቀኑ ስም ውስጥ ገብቶ መነሻውን ጨምሮ ተቀምጧል። «ሳምንት» የወጣው ከስምንት ነው። ቀኖቹ ሰባት ሆነው ሳለ ስምንት መባሉ፣ የምንነሣበትን ቀን ጨምረን ስለምንቆጥር ነው፤ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ሁለቱን ጫፎች ብንቆጥር ስምንት ይሆናል። ስለዚህ የአገሬ ሰው «የዛሬ ስምንት» ሲል በሳምንቱ የሚውለውን ይህንኑ ቀን፣ «የዛሬ አሥራ አምስት» ሲል ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣውን ማለቱ ነው። መነሻው «ዛሬ» ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። «የዛሬ ሳምንት» የሚለው ያለፈውንም የሚመጣውንም ሊያመለክት ይችላል፤ ነገር ግን «መጥቼ ነበር» ወይም «እመጣለሁ» የሚለው ግሥ ወዲያው ይለየዋል።

አሁን ለአጎቴ የሚመጣ መልእክት «ኔክስት» የሚል ቃል ካለበት አልተረጉመውም፤ መጀመሪያ ቀኑን በቍጥር እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። ይህም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ እነርሱ ኦክቶበር 20 የሚሉት በእኛ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 10 ነው፤ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥሩ የእነርሱ ሰባት ሰዓት ለአጎቴ አንድ ሰዓት ነው። ሁለቱንም ቀንና ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ጽፌ እልክላቸዋለሁ፤ እንግዶቹም እስከ አሁን ቅር ሲላቸው አላየሁም።

ያልጨረስሁት ከተማሪዎቼ ጋር ያለኝን ነገር ነው። ለዓመታት በፈተና «ኔክስት ሳተርዴይ»ን «ከፊታችን ቅዳሜ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ» ብሎ የተረጎመ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ነጥብ ስቀንስበት ኖሬያለሁ፤ ትክክል የሚመስለኝ አንድ መልስ ብቻ ነበርና። በዚህ ሴሚስተር ጥያቄውን ለውጬዋለሁ። መልእክቱ በየትኛው ቀን እንደተጻፈ እነግራቸውና ጸሐፊው አስቦት ሊሆን የሚችለውን እያንዳንዱን ቅዳሜ ከነቀኑ እንዲጽፉልኝ፣ ከዚያም ለጸሐፊው የሚልኩትን የማጣሪያ ጥያቄ በጥሩ እንግሊዝኛ እንዲያዘጋጁ አዝዣለሁ። አንዲት ተማሪ ሁለቱን ቅዳሜዎች ከጻፈች በኋላ ከሥሩ «የጻፈው ሰው ስኮትላንዳዊ ከሆነ ይነገረኝ» የሚል መስመር ጨምራ ነበር፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።