ከምድር ቤት ሳምፕ ወደ ፎቅ፦ የመመለሻ ፓምፕ አመራረጤ

ፎቅ ላይ ያለውን የዓሣ ገንዳዬን ምድር ቤት፣ ደረጃ ሥር ካስቀመጥኩት ሳምፕ (ከገንዳው የሚወርደውን ውሃ የሚቀበልና ማጣሪያው ያለበት ሁለተኛ ገንዳ) ጋር ሳገናኝ ያየሁትን ለናንተ ማካፈል እወዳለሁ። ሳምፑን ወደ ታች ያወረድኩት የማጣሪያውን ድምፅ ከሳሎን ለማራቅ ነው፤ ውሃውን መልሶ የሚያወጣው ፓምፕ ምን ያህል አቅም እንደሚያስፈልገው ግን አስቀድሜ በሚገባ አላሰላሁም ነበር።

ገንዳው 360 ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ የታንጋኒካ ሐይቅ ሲክሊዶች ይኖሩበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃው በሰዓት አራት ወይም አምስት ጊዜ እንዲዞር፣ ማለትም ከ1440 እስከ 1800 ሊትር እንዲመለስ ፈለግሁ።

የመጀመሪያውን ፓምፕ ወንድሜ ከአሜሪካ ላከልኝ። ሣጥኑ ላይ ውሃን እስከ 5 ሜትር እንደሚያወጣ ተጽፏል፤ ከሳምፑ የውሃ ወለል እስከ ገንዳው አፍ ያለው ከፍታ 3.4 ሜትር በመሆኑ አቅሙ ይተርፋል ብዬ አመንኩ። 220ውን ቮልት ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ሳስነሳው ግን፣ ከቱቦው የወጣው ውሃ ከእርሳስ የማይወፍር ነበር። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ደቅኜ በስልኬ ሰዓት ስለካው፣ ለመሙላት አራት ደቂቃ ፈጀ፤ በሰዓት 150 ሊትር መሆኑ ነው።

ምክንያቱ የታየኝ ፓምፑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንደገና ሳነብ ነው፤ 60 ሄርዝ ይላል፤ ሄርዝ የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው፣ የሞተሩም ፍጥነት በእሱ ይወሰናል። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም፤ የኛ አገር መብራት ደግሞ 50 ሄርዝ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር እኛ ዘንድ የሚዞረው ከስድስት እጅ በአምስቱ ፍጥነት ሲሆን፣ ውሃውን የሚያወጣበት ከፍታ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ 5 ሜትር የተባለው ወደ 3.5 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ከሚፈለገው ቁመት በላይ የተረፈው 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከውጭ ፓምፕ ለማስመጣት የምታስቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከዋጋው በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ።

ሁለተኛው ለ220 ቮልትና ለ50 ሄርዝ የተሠራ፣ እስከ 6 ሜትር የሚያወጣና በሰዓት 6000 ሊትር የተጻፈበት ነው። ይህ 6000 ውሃው ምንም ከፍታ በማይወጣበት ጊዜ ያለው ፍሰት ስለሆነ፣ ከመግዛቴ በፊት ከመመሪያው ላይ የፍሰቱን ግራፍ አየሁ፤ በ3.4 ሜትር ላይ 2600 ገደማ ያሳያል። ቤት ወስጄ በባልዲ ስለካው ግን 28 ሴኮንድ ወሰደ፣ ማለትም 1290 ሊትር አካባቢ። ግማሹን ያህል የበላው የውስጥ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር የሆነው 14 ሜትር ቱቦና አምስቱ ጎሚቶዎች (የቱቦ መታጠፊያዎች) ናቸው። የሚበልጥ ፓምፕ ከመግዛት ይልቅ ቱቦውን ወደ 25 ሚሊሜትር ቀየርኩት፤ ለተመሳሳይ ፍሰት፣ ስፋቱ በሩብ ሲጨምር በፍትጊያ የሚጠፋው ግፊት ወደ ሲሶ ይወርዳልና። ባልዲው በ20 ሴኮንድ ሞላ፤ 1800 ሊትር። ያንን ቀን አልረሳውም።

የቀረው ችግር መብራት ሲሄድ የሚሆነው ነበር። የመመለሻው አፍ ከውሃው ወለል 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ስለነበር፣ ፓምፑ እንደቆመ ውሃው በሲፎን ወደ ታች ተመልሶ፣ 120 በ50 ሴንቲሜትር ከሆነው ገንዳ 30 ሊትር፣ ከቱቦው ደግሞ 7 ሊትር ያህል ወረደ። ሳምፑ ሞልቶ ፈሰሰና እናቴ እዚያ ያስቀመጠችው የበርበሬ ጆንያ ራሰ። ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ዕቃ) እንዳስገባ የመከሩኝ አሉ፤ እኔ ግን አንዲት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ክፍት ልታስቀረው በምትችል ዕቃ ላይ ቤቴን ማስያዝ አልፈለግሁም። አፉን ከወለሉ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ እንዲል አድርጌ አነሳሁት፤ ሳምፑም ላይ ከዚህ በላይ ውሃ አይሞላም የሚል መስመር በማርከር አሰመርኩ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት መብራት ሲጠፋ በባትሪ ወርጄ አየሁት፤ ውሃው ከሳምፑ ከንፈር ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቆሟል።