ድንቅነሽን ለማየት አንድ ክር

ዛሬ ብሔራዊ ሙዚየም ለሄዱት የ3ኛ ክፍል ልጆች ከሁሉ በላይ የጠቀማቸው አንድ ክር ነው። ድንቅነሽ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነበር። በዋዜማው ክሩን በዚያ ልክ ቆርጦ ክፍል ግድግዳ ላይ ከወለል ጀምሮ መለጠፍ፤ ልጆቹ በየተራ ጀርባቸውን አስጠግተው ይለካሉ። አብዛኞቹ ይበልጧታል! «ትልቅ ሰው ሆና እንዴት ከእኔ ታንሳለች?» የሚለውን ጥያቄ ይዘው ይሳፈራሉ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ሲደረስ ነው። 40 ልጅ ባንዴ መስታወቱን ሲከብ የኋለኞቹ የሚያዩት የጓደኛቸውን ማጅራት ብቻ ነው። ስምንት ስምንት ሆነው ይግቡ፤ ሌሎቹ ውጭ ከአንድ መምህር ጋር ቁርሳቸውን ይብሉ።

ረጅም መጠይቅ ደግሞ ባይታደል ይሻላል፤ ልጁ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ይወጣል። አንድ ሥራ ይበቃል፦ የሰው አጽም ንድፍ ሰጥቶ የተገኙላትን አጥንቶች ብቻ ማቅለም። የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ስለሆነ ባዶው ቦታ ራሱ ያስጠይቃል።

ለእይታ የቀረበው ቅጂ መሆኑ ግን አስቀድሞ ይነገራቸው። እዚያ ሲሰሙት የተታለሉ ይመስላቸዋል፤ ዋናው ለጥበቃ መቀመጡን ቀድሞ ያወቀ ልጅ ግን «ቅጂ እንዴት ይሠራል?» ይላል፤ የሚቀጥለው ሳምንት የሸክላ ጭቃ ሥራ ከዚሁ ይጀመራል።