የተመረቅሁት በ2010 ነው፣ ግን በየትኛው አቆጣጠር?

ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ለአንድ የመንግሥት ምርምር ተቋም የረዳት ተመራማሪነት ማመልከቻ በኦንላይን ስሞላ፣ ቅጹ በፈረንጆች አቆጣጠር የጠየቀኝን የምረቃ ጊዜ «ሐምሌ 2010» በሚለው አስቤ 2010 ብዬ ጽፌ ልልከው ምንም አልቀረኝም ነበር። ትክክለኛው ጁላይ 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ 2010 እኔ ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ! ከዚያ በኋላ ሁሉንም እንደገና ሳይ፣ የአባቴ ስም በዲግሪዬ ላይ በአንድ ኤስ፣ በመታወቂያዬ ላይ ግን በሁለት ኤስ መጻፉን አስተዋልኩ፤ በዲግሪው አጻጻፍ ሞልቼ ልዩነቱን በማመልከቻ ደብዳቤው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጽኩ። የመዝጊያው ሰዓት 17፡00፣ ማለትም በእኛ 11 ሰዓት ስለነበር፣ 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ላክሁት፤ የደረሰኝን የማረጋገጫ ቁጥርም ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ።