አርን በነፃ መጻሕፍት ተማርኩ፤ ያልነገሩኝ ግን ይህን ነው

የማስተርስ ተሲሴን ዳታ የተነተንኩት በአር (R) በሚባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነው። አንድ ብር አላወጣሁም። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ ኤስፒኤስኤስም (SPSS፣ የሚከፈልበት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) አልጫንኩም። በዚህ እኮራለሁ።

ትምህርቱ ራሱ አይከብድም። ለምርምር ዘዴው የአኖል ባታቸርጂን የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር መጽሐፍ አወረድኩ፤ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል። ለሶፍትዌሩ የእነ ሀድሊ ዊክሃም «አር ፎር ዳታ ሳይንስ» አለ፤ ኦንላይን በነፃ ይነበባል። ምሳሌዎቹ ፔንግዊኖችና ከኒውዮርክ የተነሱ አውሮፕላኖች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች አብራችኋቸው ሥሩና ቶሎ ወደ ራሳችሁ ዳታ ግቡ። «መጽሐፉን ልጨርስና እጀምራለሁ» ያለ ሰው ሲጀምር አላየሁም።

ጣጣው የመጣው በአማርኛው ነው።

የዲፓርትመንታችን መመሪያ ክፍት መልሶችን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉማችሁ አስገቡ ይላል። አትስሙት። ተርጓሚው ገና ሳትተነትኑት መልሱን በራሱ ግምት ይመድብላችኋል፤ በኋላ ተመልሳችሁ ማጣራት አትችሉም። እኔ በኮቦ (የመጠይቅ መልስ መሰብሰቢያ መሣሪያ ነው) የሰበሰብኩትን እንዳለ በአማርኛ ያዝኩት።

የላብ ኃላፊው የኤክሴል ፋይሌን ተቀብሎ ወደ ሲኤስቪ (ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ቀየረልኝ። ስከፍተው አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ከላይ እስከ ታች ????? ብቻ። «አር አማርኛ አያውቅም፣ ኤስፒኤስኤስ ተጠቀሚ» አለኝ። አር ምን በወጣው! ፋይሉን ገና አላየውም እኮ። ኤክሴል ውስጥ ተራ ሲኤስቪ አለ፣ ዩቲኤፍ-8 (የአማርኛንም ፊደል የሚይዝ ኮድ) የሚል ሲኤስቪም አለ። በተራው ከተቀመጠ አማርኛው ከዚያ ፋይል ላይ ተመልሶ አይገኝም። ደግነቱ ዋናው ኮቦ ላይ ነበር። አሁን ሲኤስቪ የሚባል ነገር አልነካም፤ ሪድኤክስኤል የሚባለው የአር ፓኬጅ የኤክሴሉን ፋይል በቀጥታ ያነባል።

ቀጥሎ የላቡ አር በየፊደሉ ፈንታ በቅንፍ የታጠረ ኮድ ይተፋ ጀመር። ስሪቱ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከ4.2 በፊት የነበሩት አማርኛን በወጉ አይዙም፤ 4.2 የወጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። አዲሱን ጫኑልኝ ብል ደብዳቤ አጽፊ ተባልኩ። ለነፃ ሶፍትዌር ደብዳቤ! ቤቴ ገብቼ በራሴ ላፕቶፕ ጫንኩት። ግራፉ ላይ ሣጥን ሣጥን ካያችሁ ደግሞ ችግሩ ፎንት ነው፤ የአማርኛ ፊደል ያለውን ለምሳሌ ኒያላን ምረጡ።

ከዚያ ሙያ ስቆጥር «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ሁለት ሙያ ሆነው ወጡ። «ፀጉር ሠሪ» ደግሞ በአራት ዓይነት ተጽፎ አራት ቦታ ተበተነ። ለኮምፒውተሩ ሠ እና ሰ አይተዋወቁም። ቻርትአር የሚባለው ትእዛዝ አንዱን ፊደል በሌላው ይተካል፤ ግን ሰባቱንም ቤት ዘርዝራችሁ ስጡት። ሠን ብቻ ከሰጣችሁት ሡ እና ሢ ባሉበት ይቀራሉ። ሐን፣ ኀን፣ ዐን፣ ፀንም እንዲሁ። የተስተካከለውን በአዲስ ዓምድ አስቀምጡ፤ መልስ ሰጪው የተናገረው በነበረበት ይቆይ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአማካሪ። የእኔው ካይ ስኩዌሬን (የሁለት ነገሮችን ዝምድና መፈተሻ ስሌት) በኤስፒኤስኤስ ሠርቶ «ቁጥርሽ አይገጥምም» አለኝ። ሁለት በሁለት ሠንጠረዥ ላይ አር ሳይጠየቅ ውጤቱን ዝቅ የሚያደርገውን የየትስን ማስተካከያ ይጨምራል፤ ኤስፒኤስኤስ ግን ያልተስተካከለውን ከላይ፣ የተስተካከለውን ከሥሩ ያወጣል። አማካሪዬ ያየው የላዩን መስመር ነበር። ከሥር ያለውን አሳየሁት፤ ዝም ብሎ ፈረመ።