ጓሯችሁ ፍልፈል ከገባ መርዝ አታድርጉበት

ከሀዋሳ ወጣ ብላችሁ በሀገረ ሰላም መስመር ደጋውን ስትወጡ እንሰት ያለው ሰው ሁሉ ስለ ፍልፈል የሚያወራው አያጣም። ከስር ገብቶ አሚቾውን፣ ማለት የእንሰቱን ወፍራም ሥር፣ ይበላዋል፣ እንሰቱ ከላይ ደህና መስሎ ይቆይና ቅጠሉ መጠውለግ ይጀምራል፣ ገፋ ስታደርጉት በቃ ይወድቃል። ስንት ዓመት የተጠበቀ እንሰት ነው እኮ፣ ቆጮውም ቡላውም የቤተሰብ ቀለብ ነው፣ ሰዉ ቢናደድ አልፈርድበትም። ግን ሰሞኑን ጉድጓዱ ውስጥ መርዝ የሚጨምሩ ሰዎች እንዳሉ ስሰማ በጣም ከፋኝ፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

ፍልፈል የአይጥ ዘመድ ነው። አውሮፓ ውስጥ ትል እየለቀመ የሚኖረው ሌላ እንስሳ ነው፣ የኛው ሥራሥር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች ነው ሚበላው። ብዙ ሰው ዕውር ነው ይላል፣ አይደለም፣ በጣም ትንንሽ ናቸው እንጂ ዓይን አለው። የሚቆፍረው ደግሞ በጥርሱ ነው! አጎቴ ይዞት ቀረብ ብዬ አይቼዋለሁ፣ የፊት ጥርሶቹ ብርቱካንማ ሆነው አፉን ቢዘጋም ውጪ ናቸው፣ ከንፈሩ ከጥርሶቹ ኋላ ነው ሚገጥመው፣ ስለዚህ ሲቆፍር አፈር አፉ ውስጥ አይገባም። የላላውን አፈር በእግሩ ወደ ኋላ ይጠርግና ዞሮ በፊቱ እየገፋ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ማሳው ላይ የምናየው ጉብታ እሱ ነው። የሚኖረውም ብቻውን ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጉብታ ስታዩ ብዙ ፍልፈል ገባ ብላችሁ አትደንግጡ፣ አንዱ ብቻውን ያን ሁሉ ያወጣል። ውስጥ መኝታም የምግብ ማከማቻም አለው፣ የሚበሰብሰው ቆሻሻ ሳይቀር ሙቀት ይሰጠዋል፣ በዛ ብርድ ማለት ነው።

አጎቴ ሲይዘው በጠዋት ተነስቶ ጉብታውን በእጁ ይነካል፣ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ አሁን ያወጣው ነው ማለት ነው። ከዛ መተላለፊያውን ይከፍተዋል፣ ወጥመዱን ያስገባል፣ "አንተ ልጅ፣ አትንቀሳቀስ፣ ከረገጥክ ይሰማሃል" ይለኛል። ፍልፈል ቤቱ ተከፍቶ ብርሃንና ነፋስ ሲገባበት አይወድም፣ ሊደፍነው ይመጣል፣ ሲመጣ ይያዛል። በቃ ይሄው ነው።

ባሌ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ፣ በዲንሾ አድርጋችሁ ሮቤና ጎባን አልፋችሁ ሳነቴ ስትወጡ ከ4000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ እዛ ግዙፉ ፍልፈል አለ፣ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም። ትልቁ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፣ ጭንቅላቱን ሲያወጣ መጀመሪያ ዙሪያውን የሚያይበት ነው። ወገቡን ጉድጓድ ውስጥ ትቶ አጠገቡ ያለውን ሳር እያጨደ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ሲያልቅ የጉድጓዱን አፍ ደፍኖ በሌላ በኩል ይከፍታል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ እንደ ድመት አድፍጦ እዛው ይጠብቀዋል። ቆሜ ሳይ ቀበሮው ለረጅም ጊዜ ጆሮውን እንኳን ሳያንቀሳቅስ ቆይቶ ዘሎ ሳተው፣ ፍልፈሉ ወደ ኋላው ነው የገባው፣ መዞር እንኳን አላስፈለገውም። ቀይ ቀበሮ በዓለም 500 ገደማ ነው የቀረው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ ዋና ምግቡ ደግሞ እነዚህ ፍልፈሎችና አይጦች ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ስለ ቀበሮው ነበር ያወራነው፣ ስለሚበላው ማንም ምንም አላለም፣ ያ ሳር በከብት ካለቀ ግን ፍልፈሉ የሚበላው የለም፣ ቀበሮውም እንደዛው።

ወደ ጓሯችን ስመለስ፣ መርዝ የበላ ፍልፈል ደክሞ ከወጣ ውሻ ይበላዋል፣ ጉጉትና ጭልፊት ይበሉታል፣ እነሱ ደግሞ አይጥ የሚያጠፉልን ናቸው። መርዙም የሚቀመጠው ነገ ፍቀን የምንበላው አሚቾ ባለበት አፈር ውስጥ ነው፣ ይሄ እንዴት አያስፈራም? ማጥመድ የሚችል ሽማግሌ በየመንደሩ አለ፣ ለመርዝ ብር ከማውጣት እሱን ጠርቶ ማስያዝ፣ ሲጨርስ ቡና አፍልቶ ማጠጣት፣ ልጆቹም አጠገቡ ቁጭ ብለው እንዲያዩ ማድረግ ነው።